ዱባ በአቼቶ፦ ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንት ካልተጻፈ አትግዙ

ዱባ ወጥ ሁላችንም እናውቃለን። ዱባን በአቼቶ፣ በስኳርና በቅመም አድርጎ ማቆየት ግን እዚህ አዲስ አበባ ብዙም አልተለመደም። ጀርመኖች ከድሮ ጀምሮ ይሠሩታል። ጣፋጭም ኮምጣጣም ስለሆነ በጾም ከሽሮና ከምስር ጎን ሲቀርብ ልዩ ነው። እኔ ሠርቼ ወድጄዋለሁ። ግን ስለ አቼቶው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ዱባ ቆሻሻ ውስጥ ባልገባ ነበር።

አሠራሩ አያስቸግርም። 1 ኪሎ የተላጠና በትንንሹ የተቆረጠ ዱባ፣ ግማሽ ሊትር አቼቶ፣ 300 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚያ ቀረፋ፣ ቁሩንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል። እኔ ኮረሪማም እጨምራለሁ፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ ካልሆነ የሌላውን ቅመም ሽታ ይውጠዋል። አቼቶውን ከስኳሩና ከቅመሙ ጋር አፍልታችሁ ዱባውን ጨምሩ። ዳር ዳሩ መስታወት መስታወት ሲል፣ መሃሉ ግን ለሹካ ገና ጠንከር ሲል አውርዱት። የተቀቀለ ጠርሙስ ውስጥ በትኩሱ ክተቱ። በቃ።

አሁን ወደ አቼቶው። መጀመሪያ የገዛሁት ጠርሙስ ላይ የሰላጣ ሥዕል አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ፣ የአሲዱ መጠን ግን የለም። የተከተልኩት አሠራር ደግሞ «በውሃ እኩል በእኩል ቀጥኑት» ይላል። ቀጠንኩት። ብዙም ሳይቆይ የክዳኑ መሃል ወደ ላይ ተነፋ። ስከፍተው ፍስስ አለ። ፈሳሹ ደፍርሷል፣ ከላይ ነጭ ስስ ነገር ተጋግሮበታል፣ ዱባው ገና ጣቴ ሲያርፍበት ይፈርሳል።

ጠርሙሱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «ለሰላጣ እኮ ነው የሚሆነው» አለችኝ። ፐርሰንቱን ብቻ ንገሪኝ ስላት ለሌላ ሰው አቀበለችኝ፤ እሱ ደግሞ «ደረጃውን የጠበቀ ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንድ ቁጥር ነበር የጠየቅኩት! ምርቱን የሚሸጥ ሰው ያንን ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? እስካሁን ሳስበው ያበሽቀኛል።

ቁጥሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ዱባ በራሱ አሲዱ በጣም ትንሽ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በታች ከሆነ አያድግም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አየር የማይገባው የታሸገ ጠርሙስ ይመቸዋል። ስፖሩን፣ ማለትም ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበትን ዘር መሰል ጠንካራ ቅርጽ፣ ደግሞ ተራ ማፍላት አይገድለውም። ላቦራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ የፒኤች ወረቀት ሰጥታኝ የተበላሸውን ስለካው ቀለሙ ወደ 5 ተጠጋ። ወረቀቱን እያየሁ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ነው ያሰብኩት።

ስለዚህ አሁን 5 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ነው የምገዛው። ውድ ነው፣ ግን ጠብታ ውሃ አልጨምርበትም። ከኮመጠጣችሁ ስኳር ጨምሩ። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው።

ሌላው የማልቀበለው «ጠርሙሱን 10 ደቂቃ አፍልታችሁ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ» የሚለውን ነው። ይህ ለቆላ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔ ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ በቀጥታ ፍሪጅ አስገባዋለሁ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥም እንጨርሰዋለን። ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኑን በጣት ጫን በሉት። ተነፍቶ ካገኛችሁት እንዳትቀምሱት፣ ከነጠርሙሱ ጣሉት።