የጸደይን በረዶ በሰዓት መለካት እንዴት ተማርኩ

ከተራራው ጫፍ የደረስኩት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ኩራት እንጂ ስጋት አልነበረም። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ በራሴ ጉልበት ወጥቻለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ረግቷል፤ ከበታቼም ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ማንም ያልረገጠው ሰፊ ተዳፋት ተዘርግቷል። መውረድ ጀምሬ ሦስተኛውን መታጠፊያ ሳልጨርስ ግን በእግሬ ያሰርኩት ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ስኪዬ፣ ሰመጠ፤ ከጎኔ የተነሣው እርጥብ በረዶ በመጀመሪያ ቡጢ የሚያካክሉ ድቡልቡሎች ሆኖ ተንከባለለ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያለውን እየጠራረገና እየሰፋ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ እንደ ተቦካ ሲሚንቶ ተከምሮ ቆመ። ፍጥነቱ ሰው በሶምሶማ ከሚሮጠው እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ክብደቱ ግን በመንገዱ ላይ የቆመን ሰው ጠርጎ ለመውሰድና ለመቅበር የሚበቃ ነበር። ሁሉንም ከላይ ሆኖ ያየው ጓደኛዬ ተራው ደርሶ ከጎኔ ሲቆም ምንም ሳይናገር የእጅ ሰዓቱን ወደ እኔ አዞረው።

ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሁለት የበረዶ ወቅቶች ስኪ የተማርኩት ማንሻ ወንበር ወደ ላይ በሚያወጣበት፣ በማሽን በተደለደለ ሜዳ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ የበረዶ ናዳን ጉዳይ የሚያስቡ ባለሙያዎች ስላሉ፣ ተንሸራታቹ የሚጨነቀው ስለ ጉልበቱና ስለ ሚዛኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሰው ወደማይጠብቀው ተራራ መሄድ ማለት ግን መውረድን ከማወቅ ይልቅ መቼ እንደሚወረድ ማወቅ ማለት መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ጥቂት ልበል። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ላባ የሚረግፈውንም፣ መሬት ላይ የሚጋገረውንም በአብዛኛው በረዶ በሚል አንድ ስም እንጠራዋለን። በስኪ የሚሄድ ሰው ግን ሦስቱን ለይቶ ካላየ ብዙ አይራመድም። ውርጭ የሚለው ቃላችንም አዝመራን የሚያቃጥል ክፉ ነገር ሆኖ በልባችን ተቀምጧል፤ እኔ ግን ዛሬ ከጉዞ በፊት በነበረው ምሽት አጥብቄ የምመኘው ውርጭን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጸደይ ወራት የላይኛው በረዶ ቀን በፀሐይ ይቀልጣል፤ ሌሊት ተመልሶ ይጠነክራል። ይህ መቅለጥና መጠንከር ለብዙ ቀናት ሲደጋገም ጥቃቅኑ ቅንጣቶች እየጠፉ ትላልቅና ክብ የሆኑ ቅንጣቶች ይቀራሉ፤ እነዚህም ሌሊት እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ኮንክሪት የጸና ንጣፍ ይሆናሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ከላይ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይላላል፣ ከሥሩ ያለው ግን ገና ጽኑ ነው። ስኪተኞች የጸደይ በረዶ ብለው የሚያሞግሱት ይህንን ነው፤ ስኪው በላዩ ላይ ያለ ድካም ይታጠፋል፣ ተዳፋቱም በአብዛኛው የማይናድበት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ከዚያ በላይ ስትቆይ ውሃው ወደ ታች እየሰረገ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ትስስር ያላላዋል፤ ያኔ ያ ጽኑ ንጣፍ የረጠበ አሸዋ ይሆናል። እኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ የገባሁበት በዚህ አሸዋ ውስጥ ነበር።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ የሌሊቱ ጉዳይ ነው። በረዶው ተመልሶ እንዲጠነክር የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች መውረድ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ሲሆን የበረዶው ገጽ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሕዋው ስለሚለቅ፣ አየሩ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ቢሆን እንኳ ገጹ ሊጠነክር ይችላል። በተቃራኒው ደመና ተራራውን እንደ ብርድ ልብስ ከሸፈነው ቴርሞሜትሩ ዜሮ ቢያሳይም እንኳ ከላይ ስስ ልባጭ ብቻ ይፈጠራል፤ ከሥሩ ያለው እንደ ረጠበ ያድራል። ስለዚህ አሁን ከጉዞ በፊት በማየው የአየር ትንበያ ውስጥ በመጀመሪያ የምፈልገው የቀኑን ሙቀት ሳይሆን የሌሊቱን ደመና ነው። ሌሊት ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጥቼ ከዋክብትን ማየትም ልማድ ሆኖብኛል።

ስለ መሣሪያ ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ ነገር ግን አብዛኛውን በአጭሩ ባልፈው ይሻላል። ተረከዝን ለመራመድ ለቅቆ ለመውረድ የሚቆልፍ ማሰሪያ ያለው ቀላል ስኪ፣ ከእርሱ ጋር የሚስማማ ጫማ፣ ሁለት ዱላ፣ ከስኪው ግራና ቀኝ የሚገጠም ባለ ጥርስ ብረት፣ ሄልሜት፣ የግንባር መብራት፤ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በትክክል ከመረጡት በኋላ አያስጨንቅም። ያስቸገረኝ ከስኪው ሥር የሚለጠፈው ቆዳ ነበር። ጥንት ከባሕር አቆስጣ ይሠራ የነበረው ይህ ነገር ስሙን ይዞ ቢቀርም፣ ዛሬ የሚሠራው ከአንጎራ ፍየል ጸጉር ወይም ከናይለን ነው፤ ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። በጸደይ ፀሐይ ባረፈበት እርጥብ በረዶ ላይ ተጉዤ ወደ ጥላ ስገባ፣ ውሃ የጠጣው ቆዳ ወዲያው ቀዘቀዘና ከሥሩ አንድ ክንድ የሚያህል በረዶ ተጋገረበት፤ እያንዳንዱ እርምጃ ድንጋይ እንደ መጎተት ሆነ። ሙጫውም ስለ ረጠበ ለሁለተኛ ጊዜ አልጣበቅ አለ። አሁን ከመነሣቴ በፊት ጸጉሩን ሰም እቀባዋለሁ፣ ስፈታውም አጥፌ ከጃኬቴ ውስጥ በደረቴ ላይ አኖረዋለሁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ቆዳው አልጣበቅ ብሎ አንድ ሰዓት የጠፋበት ቀን በጸደይ ተራራ ላይ የሚያልቀው በተሳሳተ ሰዓት ነው።

ሦስቱን የናዳ መሣሪያዎች ግን በአጭሩ ማለፍ አልፈልግም፤ እነርሱም በደረት ላይ የሚታሰረው በ457 ኪሎኸርትዝ የሚያስተላልፍና የሚቀበል ጠቋሚ ሬዲዮ፣ ቢያንስ 240 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ተጣጣፊ መፈለጊያ ዘንግ፣ እንዲሁም የብረት አካፋ ናቸው። እኔ ሦስቱንም ገዝቼ በቦርሳዬ ውስጥ ስለያዝኳቸው ብቻ የተጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያ ጉዞ በኋላ ጓደኛዬ ሬዲዮውን በከረጢት አድርጎ በረዶ ውስጥ ቀበረና እንድፈልገው አዘዘኝ። ያገኘሁት ከ19 ደቂቃ በኋላ ነበር። በናዳ ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይተርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ የእኔ 19 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዳኝ አላስፈለገውም። ፍለጋው ራሱ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ጊዜውን የበላው ቁፋሮው ነው፤ ምክንያቱም ከዘንጉ አጠገብ ቀጥ ብዬ ጉድጓድ ቆፈርኩ እንጂ፣ መደረግ እንዳለበት ከዘንጉ በታች በቁልቁለቱ በኩል ትንሽ ራቅ ብዬ ወደ ጎን አልገባሁም። ዛሬም ቢሆን በየወቅቱ መጀመሪያ ይህን ልምምድ ሳላደርግ ከማንም ጋር አልወጣም።

ሁለተኛውን ሙከራ ያደረግነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት በካርታው ላይ ተዳፋቶቹን በየአቅጣጫቸው ከፋፈልናቸው፤ በሰሜናዊው የምድር ንፍቀ ክበብ ፀሐይ በመጀመሪያ የምትነካው ወደ ምሥራቅ የሚያየውን፣ ቀጥሎ ደቡቡን፣ በመጨረሻም ምዕራቡን ሲሆን፣ ሰሜኑ ለብዙ ጊዜ የብርድ ወቅትን በረዶ እንደያዘ ይቆያል። ቁልቁለታቸውንም ለካን፤ አብዛኞቹ ናዳዎች የሚነሡት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ለመውጫ ከ30 በታች የሆነውን መንገድ መረጥን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፦ አንተ የቆምክበት ሜዳ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከራስህ በላይ ምን እንደተንጠለጠለ ማየት ያስፈልጋል። የጸደይ ፀሐይ በሸንተረሩ ጠርዝ ላይ ነፋስ የገነባቸውን ተንጠልጣይ የበረዶ ክምሮች ታላላቸዋለች፤ እነርሱም ሲወድቁ ማንንም አይጠይቁም።

ከዚያም ጉዞውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አሰብነው። ምሥራቃዊው ተዳፋት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይላላል ብለን ገመትን፤ ወደ ላይ ለመውጣት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ለዕረፍትና ለሳንካ አንድ ሰዓት እንተው፤ ስለዚህ መነሻችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን፣ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ብቻ ቢቀረንም እንኳ እንመለሳለን ብለን በወረቀት ላይ ጻፍነው። በወረቀት መጻፉ ልጅነት መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ጫፉ በዓይን ሲታይ ሰው ከራሱ ጋር የሚከራከረው ክርክር ምን ያህል ብልህ እንደሚመስል ከመጀመሪያው ጉዞ አውቃለሁ።

ሌሊቱ በከዋክብት የተሞላ ነበር። በመብራታችን ክብ ውስጥ በረዶው እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ ነበር፤ ቆዳው መያዝ ስላቃተው የጎን ጥርሱን ገጠምን። በቁልቁለቱ ላይ በዚግዛግ ስንወጣ ጥግ ላይ ደርሶ አንዱን እግር ወደ ላይ አንሥቶ መዞር ግድ ይላል፤ በዚያ ጠንካራ ገጽ ላይ ሚዛን መሳት ማለት እስከ ታች ድረስ መንሸራተት ስለሆነ፣ አንዲት ተዳፋት ላይ ስኪያችንን በቦርሳችን አስረን በጫማ ሥር በሚታሰር የብረት ጥርስና በበረዶ መጥረቢያ ወጣን። ስለ ጸደይ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ዘግይቶ መውረድን ነው፤ እኔ ግን ቀድሞ መውረድም የራሱ አደጋ እንዳለው በዚያ ጠዋት ተረዳሁ። ከጫፉ የደረስነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፣ በረዶውም ገና አልተነካም። ጓደኛዬ ቁጭ በል አለኝ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን በየአሥር ደቂቃው ዱላችንን እየወጋን ፈተንን፤ የዱላው ጫፍ መንጨሩን ትቶ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ብሎ ሲገባ ተነሣን። ተራ በተራ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከአስተማማኝ ቦታ እያየ፣ ስድስት መቶ ሜትር ወረድን። ስለ ውርዱ ራሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ቃል አጥሮኛል፤ የስኪው ድምፅ እንደ ሐር ሲቀደድ ነበር።

የረሳሁት ነገር አፍንጫዬን ነው። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ሲጨምር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ፊቴን ከላይ ተቀብቼ ስለነበር የተቃጠልኩት ከታች ነው፦ የአፍንጫዬ ቀዳዳ ውስጡ፣ ከአገጬ ሥር፣ ሌላው ቀርቶ አፌን ከፍቼ ስተነፍስ ስለቆየሁ ላንቃዬ ጭምር። ለሳምንት ያህል ሰው ሲያስቀኝ አመመኝ። መነጽሬን ባላደርግ ኖሮ ዓይኔ ምን ይሆን እንደነበር ለመገመት አይከብደኝም።

ከዚያ ወዲህ በርካታ ጸደዮች አልፈዋል፤ ከማስታውሳቸው ቀናት አንዱ ግን ያልወጣንበት ነው። ትንበያው ጥርት ያለ ሌሊት ብሎ ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስንነሣ ግን ዝቅ ያለ ደመና ተራራውን ሸፍኖታል፤ ከዋክብት የሉም። ያም ሆኖ ሄደን ከተዳፋቱ ግርጌ ስንደርስ ስኪዬን አውልቄ በጫማዬ ረገጥኩት፤ ስሱ ልባጭ ተሰብሮ እስከ ጉልበቴ ድረስ ሰመጥኩ። ፀሐይ ገና ሳትወጣ በረዶው እንዲህ ከሆነ፣ ከወጣች በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ያን ዕለት ሌሎች ሦስት ሰዎች በአጠገባችን አልፈው ወደ ላይ ወጡ፣ ቀትር ላይም በሰላም ተመልሰው ሲስቁ አገኘናቸው፤ ምንም አልተናደም። ለብዙ ሰዓታት ቅናት ይዞኝ እንደነበር አልክድም። ጓደኛዬ ግን ስለ እነርሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ቆዳዎቹን ለማድረቅ ሰቀላቸው፣ የምሽቱን ትንበያ ከፈተ፣ ደመናው እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚገፈፍ አሳየኝ። ማንቂያውን ለሌሊቱ 8 ሰዓት ሞልተን ተኛን።