የሚቀበል ሲጠፋ

የእኛ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በዓል የሆነው ስግድ ያለፈ ሰሞን ሆዴ ይባባል። ዛሬ ስለ በዓሉ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፦ ስለ ጾሙ፣ በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺብን ነጭ ለብሶ ስለሚሞላው ሕዝብ፣ ስለ ቄሶቹ ጃንጥላ። ግን የድምፅ ማጉያው ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

የቄሶቻችን ጸሎት ለአንድ ሰው የተሠራ ዜማ አይደለም። መሪው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ሲያነሣ ተቀባዮቹ ቃሉ እስኪያልቅ አይጠብቁም። የመጨረሻው ፊደል ገና ሲጎተት ከላዩ ይገባሉ፤ እነሱም ሳይጨርሱ መሪው ይመለስበታል። መሪው ትንፋሹን የሚሰበስበው ተቀባይ ሲይዝለት ነው። በአስተስርዮ (በዮም ኪፑር) ሌሊት ያን ያህል ሰዓት ቆሞ ማዜም የሚቻለው በዚህ ነው። ተቀባዮቹም ቢሆኑ እንደ መዘምራን ጓድ እኩል አይወጡም። ዜማው ያው ሆኖ አንዱ ቀደም ይላል፣ አንዱ ዘግየት፣ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞ ይቆያል። ውበቱ እሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ማይክራፎን መሪው አፍ ላይ ሲደቀን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ሕዝቡ የሚሰማው መሪውን ብቻ ነው፤ ተቀባዮቹ ሲይዙ ጸሎቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። መሪውም የራሱ ድምፅ ከማጉያው ሲመለስበት ተቀባዮቹን መስማት ያቅተውና እስኪጨርሱ መጠበቅ ይጀምራል። ከሩቅ የቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመሄድ ከሩብ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታልና። ነጋሪቱ ሲጨመር መዘግየቱ ይበልጥ ይታወቃል፣ የኋላው ሰው ጭብጨባ ከምቱ ይወጣል። ቃጭሉ ለማይክራፎን ከቀረበ ግዕዙን ይውጠዋል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፦ ለመሪው አንድ፣ ከተቀባዮቹ መሃል ከፍ ብሎ ሌላ አንድ፤ ማጉያዎቹ ጀርባቸውን ለቄሶቹ ሰጥተው ወደ ሕዝቡ ብቻ ይዙሩ፤ ቃጭሉ ከኋላ ይሁን። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሰት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ማጽደቁ ትልቅ ክብር ነው፤ መድረኩም ከክብሩ ጋር አድጓል። ጸሎቱ ግን ለመድረክ አልተሠራም።

ለትምህርቱም ያው ነው። ዜማችን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ በጽሑፍ የሚቀመጥ የዜማ ምልክት የለውም፤ በጆሮ ነው የሚወረሰው። ኢትዮጵያ ሳለን መነኮሳቱ ነበሩ የሚያስተምሩት፤ ከክፉ ቀን፣ ከታላቁ ረሃብ፣ በኋላ እነሱ እየተመናመኑ ሲሄዱ ሸክሙ ቄሶቹ ላይ ወደቀ። እዚህ እስራኤል የተወለደ ልጅ ግዕዙን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፎ ሲያጠና መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው፦ የትኛው ይዋጣል፣ የትኛው ተነሥቶ ይጎተታል? በቋራ አገውኛ ያሉት ክፍሎች ደግሞ ትርጉማቸው እንኳ ለብዙ ሰው ስለራቀ፣ ልጁ በትርጉሙ ተመርቶ ማረፊያውን ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ይሰጡታል፤ የተቀዳው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ቄስ ድምፅ ነው። ልጁ ቃሉን ይይዛል፣ ዜማውን ይይዛል፤ የት እንደሚገባ ግን አያውቅም። መግቢያውን የሚያስተምረው የጎረቤት ትንፋሽ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ መሪው ሊያርፍ ሲል ደረቱ ዝቅ ሲል አይቶ።

ሲመሽ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ቄሶቹ በነታንያ፣ በአሽዶድ፣ በረሆቦት፣ በየከተማው ተበትነዋል። ሰንበት ደግሞ መኪና አይነዳም። በእግር በሚደረስበት መስጊድ (የጸሎት ቤታችንን እንዲህ ነው የምንለው) ሦስት አራት ቄስ አብሮ በማይቆምበት ሰፈር የሚያድግ ልጅ፣ መምራቱን እንኳ ከቅጂ ቢማር፣ መቀበሉን ከማን ይማር?