የቤት ጉዳይ

ዛሬ ከሰአት ሎዜፓርክ ሄጄ ነበር፣ ሃምቡርግ ወደቡ ጋር ያለው አዲሱ ሰፈር ውስጥ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እኔ ግን እዛ በሄድኩ ቁጥር እግሬ ወደ መታሰቢያው ነው የሚወስደኝ። ድሮ ቦታው ሃኖቨርሸር ባንሆፍ የሚባል ባቡር ጣቢያ ነበር፣ በናዚ ጊዜ ከ8,000 በላይ አይሁዶች፣ ሲንቲዎችና ሮማዎች (ብዙ ጊዜ ጂፕሲ የሚባሉት ህዝቦች) ተጭነው የተወሰዱት ከዚህ ነው። ስማቸውን ሳነብ ቆየሁ፣ ቤት ከገባሁም በኋላ ካርል ካውፍማን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ካውፍማን የሃምቡርግ ጋውላይተር ነበር፣ የናዚ ፓርቲ የአካባቢው የበላይ ሹም ማለት ነው፣ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለሂትለር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሾም ገና 28 አመቱ ነው። በ1933 ደግሞ የከተማዋን የመንግስት ስልጣንም ደረበ፣ በዛው አመት ፉልስቡተል እስር ቤት ካምፕ ተከፍቶ ተቃዋሚ የተባለ ሁሉ እየታፈሰ ይደበደብ ጀመር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የ1941 ሴፕቴምበሩ ነው። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማውን ደብድበው ብዙ ሰው ቤት አጣ፣ ካውፍማን ታዲያ ሂትለርን አይሁዶቹ ይውጡና ቤታቸው ቤት ለፈረሰባቸው ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። ይሄ ሰው ያወራበት ሐሜት አይደለም፣ ራሱ ነው በአመቱ ለሂትለር ባለስልጣን ለጎሪንግ በጻፈው ደብዳቤ ያለው። ኦክቶበር 25 የመጀመሪያው ባቡር ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ወደ ሎድዝ ጌቶ ሄደ፣ ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው ያስቀመጡበት ሰፈር።

እኔ እዚህ ከተማ ሁለት አመት ቤት ስፈልግ ተንከራትቻለሁ፣ ቁልፍ የተቀበልኩ ቀን እያለቀስኩ ነው የገባሁት፣ ቤት የማጣት ጭንቀት በደንብ ይገባኛል። ለዛ ነው ያኔ ቁልፍ የተሰጣትን ሴትዮ የማስባት፣ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ የሌላ ሰው መጋረጃ፣ ምናልባት የሌላ ልጅ አልጋ፣ የማን ነው ብላ ጠይቃ ይሆን?

ጎረቤቴ ያሉት ሽማግሌ አንድ ቀን ስለ ካውፍማን ሲነሳ "ከተማችንን ያተረፈ ሰው" ብለውኛል፣ ሜይ 3 ቀን 1945 ሃምቡርግ ለእንግሊዞች ያለ ውጊያ ስለተሰጠች ነው። ያን ቀን ዝም አልኩ፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ሰውዬው ታስሮ ተፈታ፣ አንድም ፍርድ ቤት ሳይፈርድበት ኢንሹራንስ ስራ ገብቶ ኖሮ በ1969 እዚሁ ሃምቡርግ ሞተ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌውን ሎዜፓርክ አብረን እንሂድ ልላቸው ነው።