ያልተጋጨው ብርጭቆ

ዛሬ ቡዳፔስት ውስጥ ከብሔራዊ ሙዚየሙ ወጥተን ቢራ ቤት ገባን። «ለጤናችን!» ብዬ ብርጭቆዬን ስዘረጋ የሥራ ባልደረባዬ የእሱን ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ሳበው። ያስቀየምኩት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ቢራ አናጋጭም» አለኝ፤ «በአራድ ምክንያት።»

የአራዶቹን ምስል ገና ማየታችን ነበር። ሃንጋሪዎች በ1848 በኦስትሪያው የሃብስበርግ ንጉሣዊ ቤተሰብ አገዛዝ ላይ ያነሱት ትግል፣ በዓመቱ የሩሲያ ጦር ለኦስትሪያ ደርሶላት ተሸነፈ። ኦክቶበር 6 ቀን 1849 አራድ በተባለች ከተማ 13 የሃንጋሪ ጦር መሪዎች ተገደሉ፤ አራቱ በጥይት፣ ዘጠኙ በስቅላት። (ከእነሱ መካከል ዳምያኒች ሰርብ፣ ላይኒንገን ጀርመን ነበሩ። ለሃንጋሪ ነጻነት! ይህን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ።)

የኦስትሪያ መኮንኖች ያን ዕለት የቢራ ብርጭቆ እያጋጩ ተደሰቱ ይባላል። ሃንጋሪዎችም ለ150 ዓመት ላያጋጩ ማሉ ይባላል። ምናልባት አፈ ታሪክ ነው።

በጣቴ ቆጠርኩና «ታዲያ መሐላው በ1999 አብቅቷል እኮ!» አልኩት።

«አውቃለሁ፤ እጄ ግን እምቢ ይለኛል» ብሎ ሳቀ።

ሙዚየሙ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጠው ታሪክ እዚህ በሰው ክንድ ውስጥ ተቀምጧል። እኔም የተዘረጋውን ብርጭቆዬን ወዴት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ፣ አረፋው በጣቶቼ ላይ እስኪወርድ ይዤው ቆየሁ።