«ተገረፈ» እና «ተገረፉ»

ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አትላንታ ላሉ ሐበሾች የሚታደል ትንሽ የታሪክ መጽሔት እየተረጎምኩ ነበር። ኤብራም ኮልቢ ጋ ስደርስ እጄ ተያዘ። ኮልቢ በባርነት የተወለዱ ሰው ናቸው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ለጆርጂያ ምክር ቤት ተመረጡ። በወራት ውስጥ፣ ጥቁር ናችሁ ተብለው ከጓዶቻቸው ጋር ተባረሩ። ሌላ ሰው በቦታቸው ምክር ቤት እንዲገባ ከተስማሙ 2,500 ዶላር፣ ወገን ከቀየሩ 5,000 ተቃዋሚዎቻቸው ሊሰጧቸው ነበር። እምቢ አሉ። በ1869 ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ የበላይነት አራማጅ ቡድን በሌሊት ከአልጋቸው አውጥቶ ጫካ ወሰዳቸው። ለሦስት ሰዓት ያህል ገረፏቸው። «ከእንግዲህ ራዲካሎቹን» ማለትም ለጥቁሮች መብት የቆሙትን ሪፐብሊካኖች «ትመርጣለህ?» ሲሏቸው፣ ነገ ምርጫ ቢኖር እመርጣለሁ አሉ።

«ትመርጣለህ» ያልኩት አውቄ ነው። ገራፊ አንቱ አይልም። ትረካው ውስጥ ግን ኮልቢን አንቱ ብያቸዋለሁ።

ረቂቁ ከአርታኢው ሲመለስ «ተመረጠ»፣ «ተባረረ»፣ «ተገረፈ» ሆኗል። እዚያው ገጽ ላይ የጆርጂያው ገዥ ቡሎክ ግን መባረሩን «ተቃወሙ» እንደተባሉ ናቸው።

ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮልቢን ለምን አንተ አሏቸው?»

«የኔ ልጅ፣ አንቱታ ጽሑፍ ያንዛዛል። ቦታ ቆጥቢ እንጂ።»

«ገዥውስ?»

ወረቀት ሲያገላብጡ ይሰማኛል።

«እሳቸው እኮ ገዥ ናቸው» አሉ።

«ኮልቢም የሕዝብ እንደራሴ ናቸው፣ ጋሼ። ደግሞ ፉ ከፈ የበለጠ ምን ቦታ ትወስዳለች?»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ያበሳጨኝ ሌላም ነገር ነበር። ኮልቢ በ1871 ለኮንግረስ መርማሪዎች ሲመሰክሩ፣ ከገራፊዎቹ መካከል ጠበቃና ሐኪም እንዳሉበት ተናግረዋል። የከተማችን ትልልቅ ሰዎች ናቸው ነው ያሉት። እኔ «አንቱ የተባሉ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ጋሼ ያንን አልነኩትም። ስለዚህ በእኛ መጽሔት ገራፊው አንቱ፣ ተገራፊው አንተ ሊሆን ነበር።

አነበብኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «መልሺው፤ ሁሉንም መልሺው» አሉኝ።

መለስኩት። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ የድሮ ሥራዎቼን ከፈትኩ። አንዱ ስለ ጥጥ እርሻ ነው። ሠራተኛው «ለቀመ» ይላል፣ ባለ እርሻው «አዘዙ»። ማንም አርታኢ አልነካውም፤ የራሴ እጅ ነው። ታትሞ ተበትኗል።