የትራይሾ ነጂዎቹ ዩኒቨርሲቲ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አደይ አበባ የለም። ከሱፐርማርኬት ቢጫ አበባ ገዝተን፣ ቡናችንን አፍልተን እንደ ወጉ ውለናል። ልጆቹም አበባየሆሽን ዘፈኑልን። «ለምለም» ላይ ሲደርሱ ቤቱን በጩኸት ያናጉታል። ግጥሙ ጋ ሲመጣ ግን ያጉተመትማሉ።

እንደ ልማዴ በበዓሉ ቀን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ዘንድሮ የሲንጋፖር ቻይናውያንን ነው። ከእንቁጣጣሽ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ እደርስበታለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው። በበዓል ቀን ሰባትና ስምንት ቀንሱ አልላችሁም።

በሲንጋፖር የሆኪየን ማኅበር የሚባል አለ። ከቻይናዋ ፉጂያን የመጡ ሰዎች መረዳጃ ነው፤ የአገር ልጆች ማኅበር በሉት። በጃንዋሪ 1953 በተደረገ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ታን ላርክ ሳይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በቻይንኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም አሉ። ሰውየው በወጣትነታቸው ከቻይና ተሰደው የመጡ፣ ከጎማ ፋብሪካ ሠራተኛነት ተነስተው የጎማ ከበርቴ የሆኑ ናቸው። ራሳቸው ብዙም አልተማሩም።

በሲንጋፖርና በጎረቤቷ በማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ አካል ናት) ያሉ ቻይናውያን ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት መክፈት የቆየ ልማዳቸው ነው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃን በቻይንኛ ይጨርሳል። ጎበዙ ቻይና ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በ1949 ኮሚኒስቶቹ ቻይናን ሲይዙ ግን ይህ በር ተዘጋ። ወደዚያ የሄደ ልጅ ተመልሶ እንዲገባ ያኔ አገሩን የሚገዛው የእንግሊዝ አስተዳደር አይፈልግም። እዚያው ያለው የማላያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ታን ከኪሳቸው 5 ሚሊዮን የማላያ ዶላር ቃል ገቡ። ማኅበሩ ጁሮንግ ከሚባል ገጠር 523 ኤከር መሬት ሰጠ። ሀብታም ሲሰጥ ግን እኔ ብዙም አይደንቀኝም። እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

በ1954 ትራይሾ ነጂዎቹ ተነሱ። ትራይሾ ሦስት ጎማ ያለው ብስክሌት ነው። ተሳፋሪው ተደላድሎ ይቀመጣል፣ ነጂው በዚያ ሙቀት ፔዳሉን ይረግጣል። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ሙሉ ሠርተው ያገኙትን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ለእነሱ የአንድ ቀን ገቢ ማለት የዚያ ቀን ሩዝ ነው። ታክሲ ነጂው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጠው ሁሉ አዋጣ። የጭፈራ ቤት ዳንሰኞች እንኳ አልቀሩም። (እኛ ጋ ቢሆን ኮሚቴው የዳንሰኞቹን ገንዘብ እንቀበል ወይስ አንቀበል ብሎ ሦስት ስብሰባ ይቀመጥ ነበር።)

ናንያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ በቁልምጫው ናንታ፣ በማርች 1956 ማስተማር ጀመረ። በ1958 በይፋ ሲመረቅ ሕዝቡ ሊያየው ስለጎረፈ ያ የገጠር መንገድ በመኪና ተዘጋ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለበዓል ይስማማ ነበር። መንግሥት ለዲግሪው ሙሉ እውቅና የሰጠው በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ ተመራቂው ወረቀቱን ይዞ ይንከራተታል። ግቢው የኮሚኒስቶች መፈልፈያ ነው ተባለ። ከ1963 ምርጫ ማግስት መንግሥት የታን ላርክ ሳይን ዜግነት እንደሚነጥቅ አስታወቀ፤ ነጠቀም። ዜግነታቸው ሳይመለስላቸው በ1972 አረፉ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና ስጋቱ ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም። ቅጣቱ ግን ይከብደኛል።

ናንታን የጎዳው ፖለቲካ ብቻም አልነበረም። እንጀራው በእንግሊዝኛ ሆነ። ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን ከቻይንኛ ትምህርት ቤት እያወጡ እንግሊዝኛ ወደሚያስተምረው ወሰዱ። ይህን የሠሩት በእልህ አይደለም፣ ለልጃቸው ብለው ነው። እዚህ የምንኖር ወላጆች ይህ ይገባናል። ናንታም በ1975 ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በ1980 ከሲንጋፖር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ጠፋ። ግቢው ላይ ዛሬ በዓለም የታወቀው የናንያንግ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። የድሮው ቅስት በር ቅርስ ተብሎ ተጠብቋል። ግን በሩንና ግቢውን ፈጣን መንገድ ለያይቷቸዋል። በሩ ዛሬ ከወዲያ ማዶ፣ በመኖሪያ ፎቆች መሃል ቆሞ ቀርቷል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ለልጆች ፊደል እናስተምራለን። አሥራ አራት ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፣ የሚንቋቀቁ ተጣጣፊ ወንበሮች። ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉን። ልጅ የላቸውም። መንገደኛ ኤርፖርት አድርሰው ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። በሩ አጠገብ ካለችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሃያ ዶላር አጥፈው ይከታሉ። ቡና ይጠጡ ሲባሉ እምቢ ነው፣ መኪናው በድርብ ቆሟል።

የትራይሾ ነጂዎቹን ታሪክ ሳነብ ፊቴ ላይ የመጡት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜም መጡ። እንደ ሁልጊዜው ከፍተው ከተቱና አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳውን አዩ።

«የት ደረሱ?» አሉኝ።

«ረ ላይ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ገና ናቸዋ!» ብለው ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ወጡ።

መልካም አዲስ ዓመት፣ ወዳጆቼ።