ከኮቱ ኪስ የወጣው ላይተር

ዛሬ ማታ የቆዩ ልብሶችን ሳጣጥፍ ከአንድ አሮጌ ኮት ኪስ ላይተር አገኘሁ። ጋዙ ካለቀ ቆይቷል። በአውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ ጫር ሳደርገው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወዲያው አፌ በምራቅ ተሞላ፤ ግራ እጄም ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ሲጋራ ካቆምኩ 6 ዓመት ሆኖኛል።

ድሮ ቢሆን ራሴን እሰድብ ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት።

ነገሩ የገባኝ ካቆምኩ በኋላ በማንበብ ነው። ጭሱ ከተሳበ በኋላ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። እዚያም አሴቲልኮሊን ለተባለው ለራሳችን መልእክተኛ የተሠሩትን በሮች ይከፍታል፤ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካልም ይለቀቃል። እንግዳው ሲመላለስ አንጎል በሮቹን ያበዛል። እነዚያ በሮች ባዶ ሲቀሩ ነው እንግዲህ ሐራራ የምንለው የሚነሳው። በደም ውስጥ ካለው ኒኮቲን ግማሹ በ2 ሰዓት ያህል ስለሚወገድ፣ አጫሽ ከእንቅልፉ የሚነሳው ተርቦ ነው። የጠዋቷ ሲጋራዬ ከሁሉም የምትበልጥብኝ ለዚህ ኖሯል፤ ቤት አቃጥሎ ውሃ እንደሚያቀብል ሰው ናት።

ከሁሉም ያልለቀቀኝ ግን የአይጦቹ ነገር ነው። ዶፓሚን የደስታ ቅመም ነው ሲባል ሰምቼ አምኜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የአንጎል ተመራማሪው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋ አይጦችን አጠኑ። አይጦቹ ከፊታቸው የተቀመጠ ምግብ አይነኩም፤ ሰው ካልመገባቸው በረሃብ ይሞታሉ። ጣፋጭ ፈሳሽ አፋቸው ውስጥ ሲደረግ ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። መጣፈጡ አለ፤ የጠፋው መፈለጉ ነው።

እኔ የእነሱ ተቃራኒ ነበርኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲጋራ አይጥመኝም ነበር። አንድ ሌሊት በዝናብ ወጥቼ ገዛሁ፤ ደረጃው ላይ ለኩሼ ሁለቴ ሳብኩና አንገፍግፎኝ ጣልኩት። በሩን ሳልከፍት ሁለተኛውን አወጣሁ። ባለቤቴ “ካልጣመህ ለምን ታጨሳለህ?” ስትለኝ “እወደዋለሁ” ብዬ ዋሸኋት። የማልወደውን ነገር መተው አቃተኝ ከማለት ወዳጁ መምሰል ይቀል ነበር።

“ቆራጥ ሁን” የሚል ምክር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰውማ አልኮልን በድንገት ቢያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊሞትም ይችላል። የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ተግሣጽ አይደለም።

የበዙት በሮች ሲጋራ በቆመ በጥቂት ወራት ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው ይመለሳሉ። ብልጭታዋን የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍል ግን ወራትም ዓመታትም አይቆጥርም።

ላይተሩን ጥያለሁ። አውራ ጣቴ ላይ ግን የድንጋዩ ሽታ ቀርቷል፤ ይህን እየጻፍኩ ሁለቴ አሸተትኩት።